የዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው የሕይወት ታሪክና ለሴቶች ያተረፉት ምርመራ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ አባላት የሚያውቁትን እንዲጽፉ የእድሩ ዳኛ በጠቅላላ ጉባኤ ባሳሰቡት መሠረት፣ እኛም የአቅማችንን ለማበርከት ብዕራችንን አንሥተናል። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናገባ ያሳለፍን ጡረተኛ ስለሆንን፣ በጽሑፋችን ላይ ስሕተት ቢገኝ አንባቢ በይቅርታ እንዲያልፈን ከወዲሁ እንለምናለን።

የምንጽፈው ጆርጅ ፓፓኒኮላው ስለተባሉ ግሪካዊ ሐኪም ነው። ሰውየው ከሞቱ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የግሪክ ሐኪም ከኛ እድር ጋር ምን አገናኘው የሚል አባል አይጠፋም። ደግሞም ነገሩ ስለ ሴቶች ማኅፀን ስለሆነ፣ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለውን በአደባባይ መጻፉ ነውር ነው የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። እኛም ቀድሞ እንደነሱው ነበርን። አለማወቃችን ምን እንዳስከፈለን ግን አስቀድመን እንናገራለን።

የዛሬ 20 ዓመት ግድም ታላቅ እኅታችን ለሌላ ሕመም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሳለ፣ በዚያው የማኅፀን በር ምርመራ ተደረገላትና ከሁለት ሳምንት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ከቤተሰቡ ፊደል የቆጠርን እኛ ስለሆንን እንድናነብላት ሰጠችን። መነጽራችንን አድርገን ብንመለከት ከተጻፈው ሁሉ አንድ የምናውቀው ቃል አገኘን፤ እሱም ኖርማል የሚለው ነው። ከፊቱ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ተቀጥለውበት ነበር፤ እኛ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርናቸውም። ስለዚህ ደኅና እንደሆነች ነግረን አበሠርናት። እሷም ፈጣሪዋን አመስግና ቡና አፈላችልን። ወረቀቱንም እንደ ልማዳችን በስተን ከቤት ፋይል ውስጥ አኖርነው።

ለካስ ቃሉ አብኖርማል ኖሯል። ትርጉሙም ከጤነኛው የተለየ ማለት ነው። ከታች በእጅ የተጻፈው መስመር ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ተመልሳ እንድትመጣ የሚያዝ ነበር። እሷ አልተመለሰችም፤ እንዳትመለስ ያደረግናት እኛ ነን። ከአራት ዓመት በኋላ ደም ይፈሳት ሲጀምር ሐኪሞቹ ጊዜው ማለፉን ነገሩን። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። በእድሩ መዝገብ ላይም ስሟን በገዛ እጃችን ጻፍነው።

ያንን ወረቀት አግኝታ ያነበበችልን፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ነርስነት የተማረችው ልጇ ናት። አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን ይሻለን ነበር። በወረቀቱ ራስ ላይ ፓፕ የሚል ቃል ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ ብንጠይቃት፣ የሰው ስም ቁራጭ መሆኑን ነገረችን። ከዚህ በታች የምታነቡት፣ ስለዚህ ሰው የተጻፈውን እሷ እየተረጐመችልን እኛ በደብተር እየገለበጥን ያጠራቀምነው ነው። የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ትውልድና ትምህርት

ዶክተር ፓፓኒኮላው በግንቦት ወር 1883 በግሪክ አገር፣ ኤውቢያ በተባለው ደሴት ላይ በምትገኝ ኪሚ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ሲሆኑ የከተማይቱም ከንቲባ ነበሩ። እናታቸው ሙዚቃና ንባብ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ልጃቸውም የሁለቱንም ወርሰው ቫዮሊን መጫወትም፣ ሕክምናም ተማሩ። አቴንስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1904፣ ገና በ21 ዓመታቸው፣ በሕክምና ተመረቁ።

ከዚያም በጦር ሠራዊት ውስጥ በሐኪምነት ግዴታቸውን ፈጽመው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። በዚያም በሥጋ ደዌ የተያዙ በሽተኞችን ያክሙ ነበር። አባታቸው የወታደር ሐኪም ሆነው፣ ደመወዙ የታወቀ ኑሮው የተረጋጋ ሥራ እንዲይዙላቸው ይመኙ ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኛ የነበርን ሰዎች የአባትየውን ሐሳብ በደንብ እንረዳዋለን። የልጅየው ልብ ግን ወደ ምርምር አደላ።

ስለዚህም ወደ ጀርመን አገር ሄደው በየና፣ በፍራይቡርግና በሙኒክ ከታወቁ የሥነ ሕይወት መምህራን ሥር ተማሩ። በ1910 በሙኒክ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙበት ጥናት፣ በኩሬ ውሃ ውስጥ ስለምትኖር፣ ከሰሊጥ ፍሬ ስለማትበልጥ እንስሳ ነበር። ሰው ሕክምና ተምሮ የኩሬ ተባይ ሲመለከት ይውላል ወይ ያሰኛል። ዳሩ ግን ጥቃቅኑን ነገር በትዕግሥት መመልከትን የተማሩት በዚህ ነው።

በዚያው በ1910 አንድሮማኪ ማቭሮዬኒ የተባሉ፣ ከታወቀ የወታደር ቤተሰብ የተወለዱ ሴት አገቡ። እኒህ ሴት በኋላ በአሜሪካ ሜሪ ተብለው የተጠሩት ናቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከዶክተሩ ባልተናነሰ የሥራው ባለቤት እሳቸው ናቸው።

የስደት ኑሮ

በ1912 የባልካን ጦርነት ሲነሣ ዶክተሩ ለአገራቸው በሐኪምነት ዘመቱ። በጦሩ ውስጥ ከአሜሪካ መጥተው በፈቃዳቸው የተሰለፉ ግሪኮች ነበሩና፣ ስለዚያ አገር ብዙ የሰሙት ከነሱ ነው። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በጥቅምት ወር 1913 ባልና ሚስቱ ኒው ዮርክ ገቡ። የያዙት ገንዘብ 250 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ይኸውም አገሩ ለመግባት የሚጠየቀውን ለማሟላት ያህል ነበር። እንግሊዝኛ ሁለቱም አያውቁም።

ዛሬ ልጆቻችን በባዕድ አገር ዲግሪያቸውን በሻንጣ ቆልፈው ያገኙትን እንደሚሠሩ ሁሉ፣ እነሱም እንደዚያው ሆኑ። ወይዘሮ ሜሪ በአንድ ትልቅ መደብር በሳምንት 5 ዶላር እየተከፈላቸው ቁልፍ ይሰፉ ጀመር። ሁለት ጊዜ ዶክተር የተባሉት ባላቸው እዚያው ምንጣፍ ሻጭ ሆነው ተቀጠሩ፤ ብዙም አልቆዩበት። በምግብ ቤት ቫዮሊን ተጫወቱ፤ በግሪክኛ በሚታተም ጋዜጣ ቤትም በጸሐፊነት ሠሩ። ይህን ስንሰማ፣ እኒህ ትልቅ ሰው ለካስ እንደኛው ጸሐፊ ኖረዋል ብለን ደስ አለን።

ደግነቱ ቶማስ ሀንት ሞርጋን የተባሉ ስመ ጥር የዘር ጥናት ሊቅ፣ ያን ስለ ኩሬዋ እንስሳ የተጻፈውን ጥናት ያውቁት ነበርና ሥራ እንዲያገኙ ረዷቸው። በ1914 ኮርኔል በተባለው የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ በምርምር ክፍል ገቡ። ወይዘሮ ሜሪም ቁልፍ መስፋቱን ትተው በዚያው የባላቸው ረዳት ሆኑ። ከዚህ ቤት ዶክተሩ እስከ 1961 ድረስ አልወጡም።

ከእንስሳ ወደ ሰው

በኮሌጁ የተሰጣቸው ጥናት ጊኒ ፒግ በሚባሉ አይጥ መሰል፣ ጅራት አልባ እንስሳት ላይ ነበር። ለጥናቱ የእንስሲቱ እንቁላል የሚወርድበትን ትክክለኛ ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን ለማወቅ ደግሞ የነበረው ዘዴ እንስሲቱን አርዶ ማየት ነው። ዶክተሩ ግን ሌላ ዘዴ አሰቡ። የሰው አፍንጫ ውስጥ ማያ የሆነች ትንሽ መሣሪያ ገዝተው፣ በእሷ አማካይነት ከእንስሲቱ ማኅፀን በር አካባቢ ጥቂት ፈሳሽ እየወሰዱ፣ በመስተዋት ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ ይመለከቱ ጀመር። ቀኑ በተለወጠ ቁጥር በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት መልክም እንደሚለወጥ አዩ። ይህንንም ከአለቃቸው ከቻርልስ ስቶካርድ ጋር ሆነው በ1917 አሳተሙት።

አንባቢ ልብ ይበል። ሕዋስ ማለት ገላችን የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ጡብ ነው። ከቆዳችን ፎርፎር እንደሚረግፍ ሁሉ፣ ከማኅፀን በርም ሕዋሳት ሁልጊዜ ይረግፋሉ። የረገፈውን መመልከት ደግሞ ሥጋ ቆርጦ እንደ መመልከት አያሳምምም። የዶክተሩ ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው።

በእንስሳ የሠራው በሰውስ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የሚመረመር ሰው አስፈለገ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ነገር ፈቃደኛ ሴት ከየት ይገኛል? የተገኙት ባለቤታቸው ናቸው። ወይዘሮ ሜሪ ከ20 ዓመት በላይ በየቀኑ ከገዛ ገላቸው ናሙና እየሰጡ፣ ባላቸው ሲመለከቱ፣ ሲመዘግቡ ኖሩ። ቀን በሥራ ቤቱ ረዳት፣ ማታ በቤት እመቤት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ተመርማሪ ናቸው። ልጅ አልወለዱም። የጤነኛ ሴት ሕዋስ ከቀን ወደ ቀን ምን እንደሚመስል ዓለም አስቀድሞ የተማረው በአብዛኛው ከእሳቸው ነው። እኛ ይህን ባሰብን ቁጥር፣ ምርመራው በባልየው ስም ብቻ መጠራቱ ቅር ይለናል።

የመጀመሪያው ግኝትና የሰሚ መታጣት

በ1925 ገደማ ዶክተሩ ጥናታቸውን በሆስፒታል ወዳሉ ሴቶች አሰፉ። ከነዚህ መካከል የማኅፀን ካንሰር ያለባት ሴት ነበረችና፣ የእሷን መስተዋት ሲመለከቱ ሕዋሳቱ ከጤነኛው ፈጽሞ የተለዩ ሆነው አገኟቸው።

ነገሩን በእንቁላል እንመስለው። ሕዋስ እንደ እንቁላል አስኳልና ነጭ አለው። የማኅፀን በር ጤነኛ ሕዋስ ሲበስል አስኳሉ ትንሽ፣ ነጩ ሰፊ ነው። የታመመው ሕዋስ ግን አስኳሉ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ቅርጹም ይዛባል፤ ነጩ እያነሰ ይሄዳል። ዓይኑ የለመደ ሰው ይህን ከሺህ ሕዋስ መካከል ለይቶ ያወጣል።

በጥር ወር 1928 በሚሺጋን ግዛት ባትል ክሪክ በተባለች ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ዶክተሩ ግኝታቸውን አቀረቡ። በዚያው ዓመታት በሩማንያ አገር ኦሬል ባቤሽ የተባሉ ሐኪምም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ነበር። ሆኖም ዶክተሮቹ ነገሩን በቀዝቃዛው ተቀበሉት። ካንሰር እንዳለ የሚታወቀው ከቦታው ሥጋ ተቆርጦ ሲታይ ነው፤ ከፈሳሽ ውስጥ ሕዋስ መልቀም ምን ትርፍ አለው የሚሉ በዙ።

ትርፉ እንግዲህ ይኸ ነበር። ሥጋ የሚቈረጠው በሽታው በዓይን ከታየ በኋላ ነው። የፓፓኒኮላው ዘዴ ግን ሴቲቱ ምንም ሳይሰማት፣ ሐኪሙም በዓይኑ ምንም ሳያይ ይናገራል። ይህንን ግን ያን ጊዜ የተረዳ አልነበረም። ጽሑፋቸው ከፋይል ገብቶ ከ10 ዓመት በላይ ተቀመጠ። እኛ ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደዋል። የእኅታችንን ወረቀት ፋይል ውስጥ የከተትን እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው፤ የተማሩትም ከትተውታል። ይህ ግን ያጽናናን እንደሆነ እንጂ ነጻ አያወጣንም።

ሥራው እውቅና ማግኘቱ

ዶክተሩ አልተጣሉም፣ ሥራም አልለቀቁም። ወደ መስተዋቶቻቸው ተመልሰው ሌላውን ጥናታቸውን ቀጠሉ። በ1939፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ሳለ፣ በኮሌጁ አዲስ አለቃ መጡና የቀድሞውን ጥናት እንዲቀጥሉበት ፈቀዱ። የማኅፀን ሐኪም የሆኑት ዶክተር ኸርበርት ትራውትም ተባበሯቸው። በኒው ዮርክ ሆስፒታል በማኅፀን ሕክምና ክፍል የሚገቡ ሴቶች ሁሉ ይህ ናሙና እንዲወሰድላቸው ተደረገ።

ውጤቱ ሁሉን አስደነቀ። ምንም ሕመም የማይሰማቸው፣ በዓይን ሲታዩም ጤነኛ የሚመስሉ ሴቶች በመስተዋቱ ላይ ተለይተው ወጡ። በ1941 ጽሑፉ፣ በ1943 ደግሞ ዝርዝሩን የያዘው መጽሐፍ ታተመ። የመጽሐፉን የሕዋሳት ሥዕል የሣሉት ሀሺሜ ሙራያማ የተባሉ በጃፓን የተወለዱ ሠዓሊ ናቸው። ዶክተሩ በሥራቸው ላይ አምስት ደረጃ አውጥተው ነበር፤ አንደኛው ጤነኛ፣ አምስተኛው ካንሰር መሆኑ የተረጋገጠበት፣ በመካከል ያሉት ደግሞ ጥርጣሬው እየጨመረ የሚሄድባቸው ናቸው። ይህ አከፋፈል በኋላ ዘመን በሌላ ተተክቷል።

በ1947 ኧርነስት ኤር የተባሉ የካናዳ ሐኪም ናሙናውን ከማኅፀን በር ላይ መጥረጊያ የምትሆን የእንጨት ማንኪያ መሰል መሣሪያ አወጡና ሥራው ቀለለ። በ1948 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ምርመራውን አንሥቶ ይቀሰቅስለት ጀመር። ሰዉም ረጅሙን የግሪክ ስም መጥራት ቢያቅተው ቆርጦ ፓፕ አለው። በ1950 ለሕክምና ሊቃውንት የሚሰጠውን የላስከር ሽልማት ተቀበሉ። ለኖቤል ሽልማት በእጩነት ቢቀርቡም አላገኙትም።

በአሜሪካ ከ1955 እስከ 1992 ባለው ጊዜ በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች መጠን 70 ከመቶ ያህል ቀንሷል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ይህ ምርመራ መሆኑን ሊቃውንቱ ይስማሙበታል።

የዶክተሩ መጨረሻ

ዶክተር ፓፓኒኮላው ሥራ እንጂ ዕረፍት የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ብዙ ሐኪሞች ከየአገሩ እየመጡ ከሥራቸው ተምረዋል። በ1954 ትልቁን የሕዋሳት ሥዕል መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በ1961፣ በ78 ዓመታቸው፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚያርፍበት ዕድሜ፣ የካንሰር ምርምር ተቋም ለመምራት ወደ ማያሚ ከተማ ሄዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የካቲት 19 ቀን 1962 በልብ ድካም ሞቱ። ተቋሙም በስማቸው ተጠራ። ወይዘሮ ሜሪ ከሳቸው በኋላ 20 ዓመት ኖረው በ1982 ዐረፉ።

አሜሪካ በ1978 በቴምብር ላይ፣ ግሪክ ደግሞ በ1995 በአሥር ሺህ ድራክማ ብር ላይ መልካቸውን አትመውላቸዋል። ድራክማው በኤውሮ ሲተካ ያ ገንዘብ ከገበያ ወጥቷል። ምርመራቸው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ወረቀቱ ምን ይላል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። አብኖርማል የሚል ወረቀት የደረሳት ሴት ሁለት ዓይነት ስሕተት ትሠራለች። አንደኛው እኛ የሠራነው ነው፤ ምንም አይደለም ብሎ መተው። ሁለተኛው ደግሞ የሞት ፍርድ የመጣ መስሏት ደንግጣ፣ ለማንም ሳትናገር በሣጥን ደብቃ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ።

አብኖርማል ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። ከጤነኛው የተለየ ሕዋስ ታይቷልና ተመለሺ፣ እንየው ማለት ነው። ቀላል ከሆኑት ለውጦች አብዛኞቹ በራሳቸው ይጠፋሉ። የማይጠፉት ደግሞ ወደ ካንሰር እስኪለወጡ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃሉ። የሰውነት መከላከያ በደከመባቸው፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ኖሮባቸው መድኃኒት በማይወስዱ ሴቶች ላይ፣ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የተበላሸውን ቦታ በማቀዝቀዝ፣ በሙቀት በማቃጠል ወይም በቀጭን ሽቦ ቆርጦ በማውጣት ማዳን ይቻላል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንን ነው።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። የነገሩ መነሻ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ መሆኑን ሃራልድ ሱር ሃውሰን የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ በ1983 እና በ1984 ባገኙት ግኝት አሳይተው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ እጅግ የተስፋፋ ስለሆነ ወንዱም ሴቱም አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል። ምልክት ሳያሳይ ብዙ ዓመት ሊቀመጥም ይችላል። ስለዚህ ሚስቱ ይህን ወረቀት ይዛ የመጣች ባል ነገሩን ለጠብና ለጥርጣሬ መነሻ ማድረግ አይገባውም፤ ምናልባት ያመጣው እሱ ራሱ ይሆናል። የሚገባው አብሯት ተመልሶ መሄድ ነው።

ደግሞም ምርመራው የታመመችው ሴት አይደለም፤ ደኅና የሆነችው ናት የምትመረመረው። ደም ከመጣ በኋላማ የዶክተር ፓፓኒኮላው ሥራ ጊዜው አልፎበታል።

አንድ ሌላ ነገር፣ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንን ልባችንን የነካን አለ። በእንግሊዝ አገር ይህ ምርመራ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን የተጠበቀውን ያህል ሞት አልቀነሰም። ምክንያቱም የመጣችው ትመረመራለች እንጂ ያልመጣችውን የሚፈልግ፣ ውጤቷ የተበላሸውን መልሶ የሚጠራ አልነበረም። በ1988 ሴቶቹ ሁሉ በመዝገብ ተይዘው፣ ጊዜያቸው ሲደርስ በደብዳቤ እንዲጠሩ ተደረገና ሞቱ በግልጽ እየቀነሰ ሄደ። እንግዲህ ሴቶቹን ያዳነው ማይክሮስኮፑ ብቻ አይደለም፤ በትክክል የተያዘ ፋይልም አድኗል። እኛ ዕድሜያችንን የፈጀንበት ሥራ ሰው ሊያድንም ሊገድልም እንደሚችል ያወቅነው ከጡረታ በኋላ ነው።

በአገራችን ያለው

በአገራችን ይህ ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶቻችንን በብዛት የሚያጠቃ ነው። በዓለም በ2022 ብቻ 350,000 ያህል ሴቶች ሞተውበታል፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ ድሀ አገሮች ያሉ ናቸው። የፓፕ ምርመራ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ስለሚፈልግ በየጤና ጣቢያው ማዳረስ አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ በውሃ አቅጥኖ የማኅፀን በሩን መቀባት የሚባል ቀላል ዘዴ መጥቷል። የተለወጠው ቦታ ካለ በደቂቃ ውስጥ ይነጣል፤ ለሕክምናው የሚመች ከሆነም በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። የአገራችን የጤና መመሪያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች እንዲመረመሩ ያዛል። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ግን መቼ መጀመር እንዳለባት ሐኪሟን ትጠይቅ። አሁን ደግሞ ቫይረሱን ራሱን ከናሙና የሚለይ ምርመራ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመርጠው ይህንን ነው። ቫይረሱን የሚከላከል ክትባት ለልጃገረዶች በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2018 ነው። ሴት ልጅ ያለው አባል ሁሉ ልጁን ያስከትብ።

ለአባላት ያለን ማሳሰቢያ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እድራችን የተቋቋመው ወገናችንን በክብር ለመቅበር ነው፤ ይህንንም ሳናጓድል ፈጽመናል። ነገር ግን መዝገባችንን ስናገላብጥ ገና ልጆቿን ሳታሳድግ የሄደች እናት ስም ስናገኝ፣ ሳንቀብራት በፊት ልናደርግላት የምንችለው አልነበረምን ብለን እንጠይቃለን። ስለዚህ የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ዳኛው ስለዚህ ምርመራ አንድ ቃል እንዲናገሩ፣ የሴቶች ተጠሪዎቻችንም እናቶችን አሰባስበው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱ ሐሳብ እናቀርባለን። ጡሩምባ ነፊያችን ለሞት ብቻ ለምን ይነፋል? የምርመራው ቀን ሲደርስም ይንፋልን።

የእኅታችን ወረቀት ዛሬም በእጃችን አለ። ከአባላት መካከል እንግሊዝኛ የተጻፈበት የምርመራ ወረቀት የደረሰው ቢኖር፣ ኖርማል የሚለውን ቃል አይቶ ደስ አይበለው። ከፊቱ የተቀጠለውን ይመልከት፤ ካልገባው አያፍር፣ ወረቀቱን ወደ ሰጠው ሐኪም ተመልሶ ይጠይቅ። እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን የሆነውን ነግረናችኋል።

ቸሩ አምላክ እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን ይጠብቅልን። ለከርሞውም ሳንጐድል በሰላም ያገናኘን።